የስኳር መድኃኒት ለሚወስደው ገበሬ የሥራና የምግብ ሰዓት ይታሰብለት

በአርሲ ደጋ፣ በተለይም የሄጦሳ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በኢተያ ዙሪያ የሚኖረው ገበሬ ከማዳበሪያ፣ ከምርጥ ዘርና ከፀረ አረም ጋር ከተዋወቀ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። ካዱ በመባል የሚታወቀው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት በ1960 ዓ.ም. ግድም ሥራ ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ገበሬው መጠንና ጊዜ የሚባሉትን ሁለት ነገሮች በገዛ ማሳው ላይ ተምሯል። ከቁሉምሳ የምርምር ማዕከል የወጣ ዘር በወቅቱ ካልተዘራ፣ ማዳበሪያውም በልኩ ካልተጨመረ ድካሙ ከንቱ እንደሚሆን ያውቃል። በዛሬው ጊዜ ደግሞ መጠንና ጊዜ የሚጠይቅ ሌላ ነገር በገጠሩ ቤት ገብቷል፤ ይኸውም የስኳር በሽታ መድኃኒት ነው።

ስለ በሽታው በየጊዜው ብዙ ይነገራል። ስለ መድኃኒቱ ግን፣ በተለይም መድኃኒቱ በሚወስደው ሰው ላይ ስለሚያስከትለው ችግር፣ ከሐኪም ቤት ግድግዳ ውጭ ሲነገር አይሰማም። ውጤቱም የታወቀ ነው። አንዱ ሆዴን አጮኸው፣ አስቀመጠኝ ብሎ ኪኒኑን ይጥላል። ሌላው ከሞፈሩ ጀርባ ላብ አጥምቆት ከወደቀ በኋላ መርፌውን በራሱ ሥልጣን ያቆማል። በሽታውም ጊዜ ሳይሰጥ ዓይንን፣ ኩላሊትንና እግርን ያጠቃል። እነዚህ ችግሮች የሚከሰቱት ከሆስፒታል አልጋ ላይ ሳይሆን በማሳ፣ በስብሰባ፣ በማዳበሪያ ወረፋና በተፋሰስ ልማት ዘመቻ ላይ በመሆኑ፣ የእነዚህን ቦታዎች ሰዓት የሚወስነው የገበሬ ማኅበር መሪም በሕክምናው ውስጥ ድርሻ እንዳለው ሊያውቅ ይገባል። በየካቲት 1967 የገጠር መሬት አዋጅ የተወለደው የገበሬ ማኅበር ዛሬ በቀበሌ አስተዳደር ቢተካም፣ ስሙ ከገበሬው አፍ አልጠፋም፤ የመሪው ኃላፊነትም እንዲሁ።

በቅድሚያ አንድ ስሕተት መታረም አለበት። የስኳር በሽታ የሀብታም፣ የወፍራምና የከተሜ ሕመም ነው የሚለው አባባል በገጠሩ ሕዝብ ላይ ብዙ ጉዳት አድርሷል። በጎንደርና በጅማ ሆስፒታሎች የሚሠሩ ባለሙያዎች በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሕክምናውን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች አውርደው በነርሶች ክትትል እንዲሰጥ ባደረጉበት ጊዜ ያገኙት ሌላ ነው። ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና የሥራ ባልደረቦቻቸው በ2001 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት እንደተመለከተው፣ በጎንደር ገጠር ያለ ኢንሱሊን መኖር የማይችሉት ሕሙማን በአብዛኛው ድሆችና ቀጫጭን የሆኑ ሰዎች ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ከልጅነት የምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን የስኳር በሽታ አምስተኛ ዓይነት ብሎ ተቀብሎታል። እንግዲህ አንድ ከሲታ ጎልማሳ ገበሬ ስኳር አለብኝ ባለ ጊዜ፣ «አንተ ደግሞ ምን በልተህ?» እያሉ መሳቅ ይቅር። ይህ ሳቅ ነው ብዙዎችን መድኃኒታቸውን ደብቀው እንዲወስዱ የሚያደርጋቸው፤ ደብቆ የሚወስድ ሰው ደግሞ ሲወድቅ የሚያነሣው አያገኝም።

ከመድኃኒቶቹ መካከል በቅርቡ ሊታወቁ የሚገባቸው ሦስት ናቸው። እነርሱም ሜትፎርሚን የተባለው ኪኒን፣ ግሊቤንክላማይድ የተባለው ኪኒንና በመርፌ የሚሰጠው ኢንሱሊን ናቸው። ሦስቱም ስኳርን ያወርዳሉ፤ አወራረዳቸው ግን አንድ አይደለም። ሜትፎርሚን ብቻውን ሲወሰድ ስኳርን ከልክ በታች የሚጥልበት ጊዜ ጥቂት ነው። ግሊቤንክላማይድና ኢንሱሊን ግን ሰውዬው በላም አልበላም፣ ተኛም አረሰም፣ ሥራቸውን አያቆሙም። ምግብ ከቀረ ወይም የጉልበት ሥራ ከበዛ ስኳሩ በዴሲ ሊትር ከ70 ሚሊ ግራም በታች ይወርዳል። ሰውዬውም ይንቀጠቀጣል፣ ቀዝቃዛ ላብ ያልበዋል፣ ልቡ ይመታል፣ ዓይኑ ይፈዛል፣ ነገር ይዘባርቃል፣ ካልተደረሰለትም ራሱን ይስታል። ሕዝቡ «ስኳሬ ወረደ» የሚለው ይህንን ነው።

ይህን በቀበሌው የሰዓት አቆጣጠር መመልከት ይጠቅማል። ደመናማ መልክ ያለውና በብዛት የሚታዘዘው ኢንሱሊን ከተወጋ ከአራት ሰዓት በኋላ ጀምሮ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ባለው ጊዜ ኃይሉ ይበረታል። አንድ ገበሬ ጧት በአሥራ ሁለት ሰዓት ተወግቶ፣ ቁራሽ ነገር ቀምሶ ከቤት ወጣ እንበል። ስብሰባው ለሦስት ሰዓት ተጠርቷል። ሕዝቡ ተሟልቶ የሚጀመረው በአምስት ሰዓት ነው፤ ሪፖርት ተሰምቶ፣ ጥያቄ ተጠይቆ፣ መዋጮ ተመድቦ የሚበተነው በስምንት ሰዓት ነው። (የስብሰባ መጥሪያ ሰዓትና መጀመሪያ ሰዓት የሚገጣጠሙበት ቀበሌ ካለ ስሙ ለሌሎች ምሳሌ እንዲሆን ቢነገር ደግ ነበር።) መድኃኒቱ የሚበረታው ልክ በዚሁ ሰዓት መካከል ነው። ሰውዬው እንዳይወጣ ያፍራል፤ እንዳይበላ በሰው ፊት ነው፤ እንዲናገር ደግሞ ሕመሙን ማንም አያውቅም። በዚህ ሁኔታ የሚመጣው መዝለፍለፍ መድኃኒቱ ክፉ ስለሆነ የመጣ አይደለም። ለሦስት ሰዓት ተጠርቶ በአምስት ሰዓት የተጀመረው ስብሰባ ያመጣው ነው።

የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ወረፋም ከዚህ የተለየ አይደለም። በሰኔ ዝናብ ከኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን ደጃፍ ከጧት ጀምሮ የቆመ ሰው ተራዬ ያልፋል ብሎ ወደ ቤቱ አይሄድም። የስንዴ አጨዳ ሲደርስ ደግሞ ኮምባይነር የሚመጣበትን ሰዓት የሚያውቅ የለም፤ ነገ ጧት የተባለው ከሰዓት በኋላ፣ ከሰዓት በኋላ የተባለው በማግሥቱ ይሆናል። ገበሬው ቀኑን ሙሉ ማሳው ዳር ሲጠብቅ ይውላል። ኮምባይነሩን ማዘዝ የመሪው ሥልጣን ላይሆን ይችላል። ወረፋው በስም ዝርዝር እንዲሆንና ሰው እህል ቀምሶ ሲመለስ ተራው እንዳይሰረዝ ማድረግ ግን ከአንድ ወረቀትና ከአንድ እርሳስ በላይ አያስወጣም።

ከሁሉም የሚያሳዝነው ስኳሩ የወረደበት ሰው በሌላ ነገር የሚጠረጠር መሆኑ ነው። አንደበቱ ስለሚተሳሰርና ስለሚንገዳገድ ሰክሯል ይባላል። ያለ ነገሩ ስለሚቆጣ ተጣይ ይባላል። ሲንፈራገጥ ያዩት እንደሆነ የሚጥል በሽታ ነው፣ ዛር ነው፣ ቡዳ በልቶት ነው እየተባለ ክብሪት ይጫርበታል፣ ጭስ ይታጠንበታል። በስብሰባ ላይ ያለ ጠባዩ የተናገረ ሰው በሚሊሻ እጅ ከመውጣቱ በፊት አንድ ጥያቄ ቢጠየቅ ምን ይጎዳል? «ኦቦ፣ ዛሬ ቁርስ በልተዋል? መድኃኒት ይወስዳሉ?» ማለት በቂ ነው።

መልሱ አዎን ከሆነ የሚደረገው ቀላል ነው። ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ማጠጣት፣ ወይም ማር ማላስ፣ ወይም ግማሽ ጠርሙስ ያህል ለስላሳ መጠጥ መስጠት፣ ከዚያም ሩብ ሰዓት ጠብቆ ካልተሻለው መድገም ነው። ሲነቃ ደግሞ እህል ይብላ። እዚህ ላይ የአርሲ እናቶች ሙያ የሆነው ጭኮ ሊያሳስት ስለሚችል ልብ ማለት ያሻል። ጭኮ በቅቤ የተለወሰ በሶ ነው፤ ቅቤው ከሆድ ወደ ደም የሚሄደውን ስኳር ያዘገየዋል። ስለዚህ ጭኮም ሆነ ቆሎ ከማገገሚያው በኋላ የሚበሉ፣ ለረጅም መንገድም በኪስ የሚያዙ ጥሩ ስንቆች እንጂ ለወደቀ ሰው የመጀመሪያ እርዳታ አይሆኑም። ራሱን በሳተ ሰው አፍ ውስጥ ምንም ነገር ማፍሰስ አይገባም፤ ትንፋሹን ያፍነዋል። በጎኑ አስተኝቶ በፍጥነት ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ብቻ ነው። ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ ሰው ከሆነ ግን ቢነቃም እንኳ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይኖርበታል፤ የዚህ ኪኒን ኃይል ቀንና ሌሊት ስለሚዘልቅ ስኳሩ ማታ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል። በተለይ ለሽማግሌዎች ያሰጋል። የዓለም ጤና ድርጅት በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ላይ ግሊቤንክላማይድ ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ ለሆነ ሰዎች እንደማይስማማ አስፍሯል። በየቀበሌው ይህን ኪኒን የሚወስዱ አባቶችና እናቶች ካሉ በሚቀጥለው ቀጠሯቸው ሐኪሙን «ለዕድሜዬ ይስማማል ወይ?» ብለው እንዲጠይቁ መንገር መልካም ነው። ኪኒኑን በራስ ሥልጣን መተው ግን ከችግር ወደ ሌላ ችግር መሸጋገር ነው።

ጠላና አረቄም መነሣት አለባቸው። ጉበት በረኀብ ጊዜ ካከማቸው ስኳር ለደም ያካፍላል፤ መጠጥ ግን ይህን ሥራውን ያስተጓጉለዋል። ከደቦ በኋላ በባዶ ሆድ አረቄ የተጎነጨ የኢንሱሊን ተወጊ ማታ በእንቅልፉ ሊወድቅ ይችላል፤ ቤተ ሰቡም ስካር ነው ብሎ ይተወዋል። ጫትም ረኀብን ስለሚያስረሳ የምግብን ሰዓት ያሳልፋል።

ወደ ሜትፎርሚን ስንመለስ ነገሩ ሌላ ነው። ይህ ኪኒን ሰውን አይጥልም፤ ሆድን ግን ያስቸግራል። ማቅለሽለሽ፣ የሆድ መነፋት፣ ተቅማጥና በአፍ ውስጥ የብረት ጣዕም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተለመዱ ናቸው። ከዚህ የተነሣ በሳምንት ውስጥ የሚተወው ብዙ ነው። ችግሩ ግን መፍትሔ ያለው ነው። ኪኒኑ በባዶ ሆድ ሳይሆን ከምግብ ጋር ወይም ከምግብ በኋላ ከተዋጠ ሕመሙ ይቀንሳል። ሐኪሙ በቀን አንድ ባለ 500 ሚሊ ግራም ኪኒን አስጀምሮ በየሳምንቱ ቀስ በቀስ ሊጨምረው ይችላል። ለስንዴ ገበሬ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ዩሪያን በአንድ ጊዜ ከማፍሰስ ከፍሎ መጨመር እንደሚሻል ያውቃል። እንደዚሁም ስንዴው አገዳ ካወጣ በኋላ የተረጨ ቱፎርዲ ዘለላውን እንደሚያጣምመው ያውቃል፤ ይህን ያየ ገበሬ ግን ዳግመኛ አረም መድኃኒት አልረጭም አላለም፤ የሚረጭበትን ቀን አስተካከለ እንጂ። ለማሳው ያደረገውን ለሆዱ ማድረግ ያቅተዋል ማለት አይቻልም። አብዛኛውን ጊዜ ሆድ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይለምደዋል። ካልለመደው ቀስ ብሎ የሚሟሟ ዓይነት አለ፤ ያም ባይገኝ ሐኪሙ መጠኑን ይቀንሰዋል። ከዚህ የሚለየው ሰውዬው በሌላ በሽታ ምክንያት ብርቱ ትውከትና ተቅማጥ ይዞት ውኃው ያለቀ እንደሆነ ነው። ያን ጊዜ ሜትፎርሚኑን ለጊዜው አቁሞ በዕለቱ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባዋል፤ ኩላሊቱ ከደከመ መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ሊጠራቀም ይችላልና።

የመድኃኒት የጎንዮሽ ጉዳት የሰው ልጅ ኢንሱሊንን ካወቀበት ከመጀመሪያው ቀን አብሮ የመጣ ነገር ነው። በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ በጥር 1914 ዓ.ም. ለአንድ የ14 ዓመት ልጅ የመጀመሪያው የኢንሱሊን መርፌ ሲሰጥ የተወጋበት ቦታ መግል ቋጠረ፤ ስኳሩም እንደታሰበው አልወረደም። ሐኪሞቹ ሥራቸውን አልጣሉም። መድኃኒቱ ያልጠራ መሆኑን ተረድተው አጠሩትና ከ12 ቀን በኋላ እንደገና ወጉት፤ ልጁም ተሻለው። ከዚያ በፊት በዚያ ዕድሜ ያን በሽታ የያዘው ልጅ የሚጠብቀው ሞት ብቻ ነበር። ዛሬም በመርፌው በኩል የሚመጣው ችግር በአያያዝ የሚስተካከል ነው። በየቀኑ አንድ ቦታ ላይ የሚወጋ ሰው ቆዳው ሥር እንደ ዱባ ፍሬ የሚዳሰስ እብጠት ያወጣል። እብጠቱ ላይ ሲወጉ ስለማያም ሰዎች ይመርጡታል። ነገር ግን ከእብጠቱ ውስጥ ኢንሱሊኑ አንድ ቀን ዘግይቶ፣ ሌላ ቀን በአንድ ጊዜ ወደ ደም ስለሚገባ ስኳሩ ያለ ምክንያት ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። ስለሆነም ቦታ እያፈራረቁ መውጋት ያስፈልጋል። ለእርሻ ወይም ለረጅም መንገድ በሚወጣበት ቀን ጭኑ ላይ ከመወጋት ሆዱ ላይ መወጋት ይሻለዋል፤ የሚሠራ እግር ኢንሱሊንን ቶሎ ይጠጣዋል። ብልቃጡን ከመቅዳት በፊት በመዳፎች መካከል ቀስ አድርጎ ማንከባለል ያሻል፤ ደመናማው ኢንሱሊን ከሥር ስለሚዘቅጥ ሳይቀላቀል ከተቀዳ አንድ ቀን ያነሰ፣ ሌላ ቀን የበዛ ይወጋል።

ኢንሱሊኑ የት ይቀመጥ ለሚለው በገጠር ማቀዝቀዣ ባይኖርም መላ አለ። አንዱን ገንቦ በሌላው ውስጥ ከትቶ በመካከላቸው እርጥብ አሸዋ መጨመርና ብልቃጡን በውስጠኛው ማኖር ከፀሐይ ሙቀት ይጠብቀዋል። የተከፈተ ብልቃጥ በዚህ ዓይነት ለአራት ሳምንት ያህል ይቆያል። በአርሲ ደጋ ግን ከሙቀቱ ይልቅ የሚያሰጋው ብርዱ የሚሆንበት ወቅት አለ። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ በሚጥልበት ሌሊት ከውጭ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ብልቃጥ ሊረጋ ይችላል። አንድ ጊዜ የረጋ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይሠራም። የሚያስገርመው ሕመምተኛው መድኃኒቱ አልሠራ ሲለው መጠኑን ይጨምራል፤ አዲስ ብልቃጥ ሲያገኝ በዚያው በጨመረው መጠን ተወግቶ ስኳሩ ይወርድበታል።

የጾም ጉዳይ ሰፋ ያለ ቦታ ይገባዋል። በአርሲ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ መንደር፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ደቦ የሚኖር ሕዝብ ነው። በረመዳን ከንጋት እስከ ጀንበር መጥለቅ እህልና ውኃ አይቀመስም። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓትና ከዚያም በላይ የሚቆይ ምእመን ብዙ ነው። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለሕመምተኛ ፈቃድ እንዳላቸው የታወቀ ሆኖ ሳለ፣ ሕመምተኛው ግን ይህን ፈቃድ መጠቀም እንደ ሽንፈት ይቆጥረዋል። እየጾመ መርፌውን በተለመደው ሰዓትና መጠን ይወጋል፤ ወይም መርፌውን ፈርቶ ጨርሶ ይተወዋል። ሁለቱም ለሞት ያደርሳሉ። ያለ ኢንሱሊን መኖር የማይችል ሰው መርፌውን ሲተው በጥቂት ቀናት ውስጥ ደሙ በአሲድ ይመረዛል፤ ትንፋሹ ይፈጥናል፤ ይተፋል፤ ይስታል።

ስለዚህ ምክሩ መሰጠት ያለበት ጾሙ ከመግባቱ ከአንድ ወይም ከሁለት ወር በፊት ነው። የገበሬ ማኅበሩ መሪ ሼኹን ወይም ኢማሙን፣ ቄሱን ወይም የንስሐ አባቱንና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን አንድ ቀን አብሮ ማስቀመጥ ይችላል። ከሃይማኖት አባት አንደበት የወጣ ፈቃድ ከሐኪም ማዘዣ ይልቅ በሕመምተኛው ጆሮ ይገባል። ልጹም የሚል ካለ ሐኪሙ የመድኃኒቱን ሰዓትና መጠን ከኢፍጣርና ከሱሑር ጋር ያስማማለታል። ስኳሩ ከ70 በታች የወረደ ዕለት ግን ጀንበሯ ልትጠልቅ ጥቂት ቢቀራትም ጾሙ ወዲያው መፈታት አለበት። በክርስቲያኑ በኩል ሌላም የሚታሰብ ነገር አለ። ሜትፎርሚን ለብዙ ዓመት ሲወሰድ ቢ 12 የተባለውን ቪታሚን በሰውነት ውስጥ ያሳንሳል። ይህ ቪታሚን የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ነው። በዓመት ወደ 180 ቀን ያህል ከእነዚህ የሚታቀብና ኪኒኑን ለዓመታት የወሰደ ሰው እግሩ ቢደነዝዝና ቢያቃጥለው ሁሉም በስኳሩ ላይ ይላከካል፤ ከቪታሚን ማነስ የመጣ ከሆነ ግን ሊታከም የሚችል ነው። ሕመምተኛው ይህን ለሐኪሙ ማንሣት አለበት።

«አንዱን ስናስቀር ሁሉም ታምሜያለሁ ይላል፤ ሥራው ይቆማል» የሚሉ መሪዎች አይጠፉም። ሐሳባቸው መሠረት የለውም አይባልም፤ በነፃ የጉልበት ዘመቻ ላይ ምክንያት ፈጣሪ መቼም ይኖራል። ነገር ግን የስኳር ሕመምተኛው የሚፈልገው ከሥራ መቅረትን አይደለም። የጉልበት ሥራ ስኳርን ያወርዳል፤ ሐኪሞችም ያበረታቱታል። የሚፈልገው በአራት ሰዓት ገደማ ሩብ ሰዓት አረፍ ብሎ በሶውን መበጥበጥ፣ ከእኩለ ቀን ሳያልፍ ምሳውን መብላትና ብቻውን ከገደል አፋፍ ላይ አለመመደብ ነው። ይህ ለሌላው ሠራተኛም ቢሆን አይጎዳም። ከሥራ የቀረውን የሚቀጣ መተዳደሪያ ያላቸው ቀበሌዎች፣ ቅጣቱን ከመጻፋቸው በፊት ሰውዬው የቀረው ለመድኃኒት ቀጠሮ መሆን አለመሆኑን ይጠይቁ። በወር አንድ ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ አሰላ ሆስፒታል መሄድ ያለበትን ሰው በዚያው ቀን ቦይ ቁፋሮ አልመጣህም ብሎ መቅጣት፣ ቀጠሮውን እንዲያሳልፍ ማስተማር ነው። ቀጠሮውን ያሳለፈ ኪኒኑ ያልቅበታል፤ ወይም ከጎረቤት ሕመምተኛ ይበደራል፤ የጎረቤቱ መጠን ደግሞ የእርሱ አይደለም።

የሕመምተኞችን ስም በአደባባይ መለጠፍ ግን አይገባም። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ማን ምን መድኃኒት እንደሚወስድ ያውቃሉ፤ ወይም ማወቅ ይችላሉ። መሪው ከእነርሱ ጋር ተነጋግሮ፣ ሕመምተኛው ራሱ ከፈቀደ፣ ለየሥራ ቡድኑ አለቃ በጆሮ መንገር ይበቃል። የሕመምተኛው ሚስትና ልጆችም ምልክቱን ይወቁ። ሌሊት አልጋው ውስጥ በላብ የተጠመቀውን ባል መጀመሪያ የምታየው ሚስቱ ናትና ከሁሉ በፊት ለእርሷ መንገር ይገባል።

ገንዘቡም መረሳት የለበትም። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ለእንደዚህ ያለው ዕድሜ ልክ ለሚወሰድ መድኃኒት ብዙ ያግዛል። የአባልነት ማደሻው ጊዜ ሲደርስ መዋጮውን የሚያስተባብረው የቀበሌው አመራር ስለሆነ፣ መጀመሪያ የሚጠራው ስም የእነዚህ ሰዎች ቢሆን ተገቢ ነው። መታወቂያ ደብተሩ ላይ ካርድ ስለተለጠፈ ብቻ መድኃኒት አለ ማለት አለመሆኑ እርግጥ ነው። ሕመምተኛው «የለም፣ ከውጭ ግዛ» እየተባለ በተደጋጋሚ የሚመለስ ከሆነ ጉዳዩን ብቻውን እንዲሸከመው መተው አይገባም፤ የቀበሌው ተወካይ በወረዳው ምክር ቤት ሊያነሣው የሚችል ጥያቄ ነው። ማዳበሪያ የዘገየ ጊዜ ወረዳው ድረስ ሄዶ የሚጮኸው መሪ ኢንሱሊን ሲጠፋ ዝም የሚልበት ምክንያት የለም። ማዳበሪያ ሁለት ሳምንት ቢዘገይ የሚጎዳው አዝመራ ነው፤ ኢንሱሊን ሁለት ሳምንት ቢጠፋ ግን ያለ እርሱ የማይኖረው ሰው አይቆይም።

የተፋሰስ ልማት ዘመቻው በጥርና በየካቲት ይጀመራል። እርከን የሚሠሩት ቡድኖች ከመደልደላቸው በፊት የቀበሌው ኮሚቴ በሚቀመጥበት ስብሰባ ላይ ሦስት ነገሮች ቢወሰኑ ለዚህ ዓመት ይበቃል። የቁርስና የምሳ ዕረፍቱ ሰዓት ተቆርጦ ይነገር። በየቡድኑ አለቃ እጅ አንድ ኩባያ ስኳርና አንድ ጠርሙስ ንጹሕ ውኃ ይኑር፤ ስኳሩን ከኅብረት ሥራ ሱቁ ማውጣት ይቻላል። ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ አንዷ ዘመቻው በሚጀመርበት ዕለት ጧት ሥራው ሳይጀመር ለሩብ ሰዓት ያህል ስኳር የወረደበት ሰው ምን እንደሚመስልና ምን እንደሚደረግለት ለተሰበሰበው ሕዝብ ታስረዳ፤ በአፋን ኦሮሞ ይሁን፣ ለሚሻውም በአማርኛ ይደገም። ይህ ስብሰባ ራሱ በተጠራበት ሰዓት ቢጀመር መልካም ነው።